ከሶፋው ላይ የተወረወረችው

ልጆች ካሏችሁ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ “ዷ!” ይላል፣ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል፣ ከዚያ ለቅሶው ይቀልጣል። ባለፈው እሑድ ከሳሎን የሰማሁት እሱን ነው። የሰባት ዓመት ልጄ የአራት ዓመት እህቱን ከሶፋው ላይ ገፍትሮ ጥሏታል። ግንባሯ አብጧል።

“ምን አድርጋህ ነው?” አልኩት።

“ከራምብሉ አስወጣኋት” አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሮያል ራምብልን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ሬስሊንግ ለማትከታተሉ፣ ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1988 በካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የቀድሞው ሬስለር ፓት ፓተርሰን ነበር። ሁለት ሰዎች ይጀምራሉ፤ በየሁለት ደቂቃው ገደማ አንድ ሰው ይጨመራል፤ ከላይኛው ገመድ በላይ ተወርውሮ ሁለት እግሩ መሬት የነካ ይሰናበታል። የመጀመሪያው 20 ሰው ነበረው፣ በዓመቱ 30 ሆነ። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ አሸናፊው በሬስልማንያ ለሻምፒዮንነት ይጋጠማል። ሴቶች የራሳቸውን ራምብል ያገኙት በ2018 ነው። (ይህን ለልጄ እህት እስካሁን አልነገርኳትም።)

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና የሚያስቀናኝ ሰዓቱ ነው። ከአሥር ወደ ታች ይቆጠራል፣ አዳራሹ አብሮ ይቆጥራል፣ ቀጥሎ የማን ሙዚቃ እንደሚሰማ ግን ተመልካቹ አያውቅም። እኛ በስንት ስብሰባ ያጣነውን ጉጉት እነሱ በአንድ ሰዓት ቆጣሪ አገኙት።

እኔን የማረከኝ የ2006ቱ ነው። ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭሩ ነበርኩ። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን በሲዲ አየነው። ሬይ ሚስቴሪዮ ከእነዚያ ግዙፎች መሃል ሲቆም ልጅ ይመስላል። ጓደኛው ኤዲ ጌሬሮ ከሞተ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ሁለተኛ ሆኖ ገባ፣ ከ62 ደቂቃ በላይ ቆየ፣ መጨረሻ ላይ ራንዲ ኦርተንን አስወጥቶ አሸነፈ። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት ቁመት ጨምሬ ነው።

እሑድ ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኩት። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። አወዳደቅን ለዓመታት ይለማመዱታል። እንዲያም ሆኖ ከስስ ፍራሹ ሥር ያለው ጣውላና ብረት ስለሆነ ይጎዳሉ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉም አሉ።

“እህትህ ግን አወዳደቅ አልተማረችም” አልኩት። “ልትጥላት እንደሆነም የነገራት የለም።”

ቀና ሳይል ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆየ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ስጠብቅ፣

“አባዬ፣ ሬይ ሚስቴሪዮም እንደሚያሸንፍ ያውቅ ነበር?” አለኝ።

“አዎ” አልኩት። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሱ ተነሥቶ ወደ እህቱ ሄደ፤ እኔ ግን ሶፋው ላይ ትንሽ ቆየሁ።