ከጎንደር በፊት የተሠሩ ሦስት የፈረሱ ግንቦች

ጎንደር ሲባል ሁላችንም የፋሲል ግንብ ይታየናል። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምንወስዳችሁ ግን ወደዚያ አይደለም። ጎንደር ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታት ይኖሩባቸው የነበሩ፣ ከዚያም ትተዋቸው የሄዱ ቦታዎች አሉ። ከእነዚህ ሦስቱን ዞረን አየን። ጉዛራ፣ ደንቀዝና ማርያም ግንብ ይባላሉ። ሁሉም ከጣና ሐይቅ ብዙ አይርቁም።

በዚህ ጽሑፍ የምታነቧቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ እያነበባችሁ ቀንሱ። በኋላ አንድ ሌላ የሂሳብ ጥያቄም አለንና እርሳሱን አትጣሉት።

መጀመሪያ ጉዛራ ሄድን። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ እንፍራንዝ ይደርሳል። ጉዛራ ከእንፍራንዝ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ነው። አቀበቱ ልብ ያወልቃል። ከላይ ሲደርሱ ግን ጣና ከነስፋቱ ይታያል። እንዲህ ያለ ቦታ የመረጠ ሰው የሚመጣውን እንግዳም ጠላትም ከሩቅ ማየት የፈለገ መሆን አለበት። ግንቡ ባለ ፎቅ ነው። በማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ አለው፤ የማማው አናት እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለ ነው። የጎንደርን ግንቦች ያየ ሰው መልኩን ወዲያው ይለየዋል። ታናሽ ወንድም ከታላቁ ጋር እንደሚመሳሰል ነው። እዚህ ላይ ግን ታላቁ ጉዛራ ነው ይባላል።

የአገሩ ሰው ግንቡን ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይላል። ሠርፀ ድንግል ከ1563 እስከ 1597 ነግሠዋል። በዚህ አካባቢም መቀመጫ እንደነበራቸው የታወቀ ነው። ታዲያ ሊቃውንት ለምን ይከራከራሉ? ክርክሩ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ባለው ነጭ ነገር ምክንያት ነው። ይህ ነጭ ነገር ኖራ ነው።

ኖራ እንዴት እንደሚሠራ እንንገራችሁ። የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ለረጅም ሰዓት ይቃጠላል። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ፈርሶም ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ቀስ በቀስ ይጠነክርና እሱም መልሶ ድንጋይ ይሆናል። የጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ ልዩነቱን ያውቃል። ጭቃ ዝናብ ካገኘው ይታጠባል። ኖራ ግን ስንት ክረምት ይችላል!

ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ካህናት በዚያ ዘመን በአገራችን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ በጻፈው መሠረት፣ ኖራ በዚህ አገር የተገኘው በ1621 ገደማ ነው። ያስተዋወቀውም ከህንድ የመጣ ሰው ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ሠርፀ ድንግል በ1597 ሞቱ። ኖራ በ1621 ተገኘ። ከ1621 ላይ 1597 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? 24 ዓመት ይቀራል። ንጉሡ ከሞቱ ከ24 ዓመት በኋላ በተገኘ ኖራ እንዴት ግንብ አሠሩ?

አንዳንዶቹ ሊቃውንት ጉዛራ የተሠራው ከሠርፀ ድንግል በኋላ ነው፤ ምናልባትም በዐፄ ፋሲል ዘመን ይሆናል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ኖራ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር፤ ካህኑ የጻፈው የሰማውን ብቻ ነው ይላሉ። የፖርቱጋል ወታደሮች እኮ በ1541 ነው ወደ አገራችን የገቡት። ከእነሱ መካከል ግንበኛ አልነበረም ማለት ይቸግራል። እኛ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ እናደላለን። ነገር ግን ክርክሩን የሚፈርደው ያው ግድግዳው ነው። ድንጋዩ ከነኖራው በቦታው እስካለ ድረስ የሚመረምር ሰው ይመጣል። ድንጋዩ ተነቅሎ ከሄደ ምስክሩም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ከጉዛራ ወደ ደንቀዝ ተጓዝን። ደንቀዝ ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ደጋ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ገብሱ ግን ያምራል። የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ እዚህ ነበር። ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ነገሡ። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ የሚኖሩት በአብዛኛው በድንኳን ነበር። በበጋ ከሠራዊቱ ጋር ይዞራሉ፤ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይከርማሉ። የአካባቢው ማገዶ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ሱስንዮስ ግን በደንቀዝ በድንጋይና በኖራ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ዛሬ ጣሪያ የለውም። ከፊሉ ግድግዳ ቆሟል፣ ከፊሉ ክምር ሆኗል። በኖራ የተለሰነ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያም አለ።

በዚህ ደጋ ላይ ከባድ ነገር ተፈጽሟል። ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ። በ1626 በደንቀዝ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ። ሕዝቡ ግን የአባቶቼን ሃይማኖት አልተውም አለ። አመፅ ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ሰኔ ወር ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከሞቱት የሚበዙት ገበሬዎች ነበሩ። ንጉሡ አሸነፉ፤ ግን በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ጥቂት ወራት ቆይተው ሞቱ። ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። ደንቀዝ ከዚያ በኋላ ባዶ ቀረ።

ከፍርስራሹ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ድንጋይ የተካበ የከብት በረት አላቸው።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ። ግንቡን ልታዩ ነው?»

«አዎ። ይህ የበረቱ ድንጋይ ከየት መጣ?»

ሳቁ። «አባቴ ነው የካበው። ከየት ያምጣው? ከዚያው ነዋ! በዚያ ጊዜ ማን ተው አለው? ጅብ ጥጃ እየወሰደበት፣ የተጠረበ ድንጋይ እደጁ ተኝቶ እያየ።»

ለዚህ መልስ የለንም። ጥጃ የሚጠብቅ በረት ያስፈልጋል። ሰው ለቤቱና ለከብቱ ሲል ያነሣውን ድንጋይ ከተማ ተቀምጦ መኮነን ቀላል ነው። ሽማግሌው ግን አንድ ነገር ጨመሩልን። እሳቸው ራሳቸው ከወደቀው እንጂ ከቆመው ነክተው አያውቁም። «ያበላሹት እነዚያ ናቸው» አሉና በግድግዳው ሥር የተቆፈሩ ጉድጓዶችን አሳዩን። ወርቅ ፈላጊዎች ሌሊት እየመጡ ይቆፍራሉ። ወርቁን ግን ያገኘ አልታየም።

እስቲ እናስብ። ንጉሥ ከተማውን ሲለቅ ወርቁን ቀብሮ ይሄዳል? ሱስንዮስ እዚሁ ሞቱ፤ ልጃቸው ከነሠራዊታቸው ነበሩ። ግምጃ ቤቱ ከንጉሡ ጋር በበቅሎ ይጫናል እንጂ ለሌሊት ቆፋሪ አይተውም። በግድግዳ ሥር የሚቆፈር ጉድጓድ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መሠረቱን ያላላል፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ግድግዳው ይወድቃል። በአገራችን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን ይከለክላል። በእርሻው ላይ ሳያስብ አሮጌ ዕቃ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ አለበት ይላል።

ወደ ማርያም ግንብ የሚወስደው መንገድ ሌላ ነው። ከአዘዞ ተነሥተን በቆላ ድባና በጭዋሒት አድርገን ጎርጎራ ወረድን። አገሩ ደምቢያ ነው፤ ለጥ ያለ ጥቁር አፈር፣ ሽምብራና ጤፍ። ጎርጎራ ከጣና ዳር ነው። በዚያ ደብረ ሲና ማርያም የምትባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። ክብ ናት፤ በአገሩ አሠራር በእንጨትና በጭቃ የተሠራች። ውስጧ በሥዕል የተሞላ ነው። ከደንቀዝ ግንብ ትበልጣለች በዕድሜ፤ ግን ቆማለች። ለምን? ክዳኗ ሲያረጅ የሚከድናት፣ ግድግዳዋ ሲሰነጠቅ የሚመርጋት ሰው አላት። እኛን ከሁሉ ያስገረመን ይህ ነው። ኖራና ድንጋዩ ፈረሰ፤ ጭቃው ቆመ።

ማርያም ግንብ ከጎርጎራ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ላይ ነው። በእግርም በጀልባም ይኬዳል። ቀድሞ ጴድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ካህን በዚህ በጎርጎራ አካባቢ ይኖር ነበር። የዓባይን ምንጭ በ1618 አይቶ የጻፈው እሱ ነው። በ1622 ሞተ። ይህ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። በቅስቶቹ ላይ ጽጌረዳ የመሰሉ አበቦች በድንጋይ ተቀርጸዋል። እንዲህ ያለ ጥርብ በጉዛራም በደንቀዝም አላየንም። ከማድሪድ የመጡ የስፔን ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2014 ድረስ በእነዚህ ቦታዎች እየቆፈሩ አጥንተዋል፤ መጽሐፍም አሳትመዋል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ባነሡት ፎቶግራፍ ላይ ከሚታየው ግድግዳ ግን ዛሬ ብዙው የለም።

ግድግዳ የሚሞተው ከአናቱ ነው። ጣሪያ ሲሄድ ዝናብ ከላይ ይገባል። ወፍ የዋርካ ፍሬ ትጥላለች። ፍሬው ይበቅላል፤ ሥሩ እንደ ጣት ቀጭን ሆኖ በድንጋዮቹ መካከል ይገባና እንደ ክንድ ይወፍራል። ኖራው ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ብርቱ ክረምት ይበቃዋል። ይህ ግንብና ጉዛራ ከጎንደር ግንቦች ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። የዋርካው ሥር ግን መዝገብ አያነብም።

በፍርስራሹ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነበር። የተቀረጹትን አበቦች ሁሉ የት የት እንዳሉ ያውቃል። እየመራ አሳየን። ከቅስቱ ሥር ወድቆ ወደተጋደመ አንድ ድንጋይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼኛው ላይ ነበር» አለና ወደ ላይ፣ ወደ ባዶው ቦታ ጠቆመ። «ክረምት ወደቀ።»

አበባዋ አልተሰበረችም። ወደ ሰማይ ዞራለች፤ መሐሏ ላይ ትንሽ የዝናብ ውሃ ቋጥራ ነበር።