የሌሊት 11 ሰዓት ሒሳብ

ልጅ ጠብቄ ገንዘብ መቀበል የጀመርኩት ለአንዲት ድሃ እናት ብዬ ነው ብል፣ ወረታ ከተማ ውስጥ የሚያምነኝ አላገኝም። ሰፈር ውስጥ የተወራው «ጡረታው አልበቃ ቢላት የጎረቤት ልጅ ላይ ዋጋ ለጠፈች» ተብሎ ነው። ጡረታው እንደማይበቃ አልክድም። የሚያሳፍረኝ ግን ዋጋ መጥራቴ ሳይሆን ዋጋ ያልጠራሁበት ጊዜ ነው።

እኛ ዘንድ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው 2 ሰዓት ላይ ነው። እናቱን ግን ሥራ የሚጠራት ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የፎገራ ሩዝ ይታጨዳል፤ ከዚያ ወዲያ በርብና በጉማራ ዳር ሽንኩርት ይተከላል፣ ይታረማል፣ ይነቀላል። ባለማሳው የቀን ሠራተኛ የሚመርጠው ገና ጎህ ሲቀድ ስለሆነ፣ ያረፈደችውን የሚጠብቃት የለም። መናኸሪያ ሻይ የምታፈላዋም ገበያዋ የመጀመሪያው መኪና ተሳፋሪ ነው። ነርሷም ተረኛ በሆነች ቀን ከቤት የምትወጣው በጨለማ ነው። ታዲያ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ እስከ ሰልፍ ሰዓት የት ይቆይ? ወይ በር ይቆለፍበታል፣ ወይ የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ከትምህርቷ ቀርታ ትይዘዋለች፣ ወይ አስፋልት ዳር ይቀመጣል። አስፋልቱን ወረታን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የባሕር ዳርና የጎንደሩ መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደውም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከባድ መኪና በንጋት ልጅ ተሻገረ ብሎ ፍጥነት አይቀንስም።

መንግሥት ነገሩን ጨርሶ ረስቶታል አልልም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ደግ ነው። ግን ለጨቅላ ልጅ ነው፣ ለቢሮ ሠራተኛ ነው፣ የሚከፈተውም ቢሮ ሲከፈት ነው። ሽንኩርት የምታርመው ሴት ቢሮ የላትም።

ቤቴ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ዕድሜዬን በማስተማር ጨርሼ ጡረታ ስወጣ እንቅልፌ እንደ ድሮው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይሰበር ነበር። እናም አንዷ ጎረቤቴ «እትዬ፣ እስከ ሰዓቱ ያቆዩልኝ» ብላ ልጇን ተወችልኝ። ሌላዋም ተከተለች። ስለ ብር ያነሳ አልነበረም፤ ይሉኝታው ከነሱም ከእኔም ወገን ነበር። አንዷ ስኳር፣ አንዷ ቡና ይዛ ትመጣለች፤ አጨዳ ሲያልቅ ደግሞ በቁና ሩዝ ይመጣል። ጓሮዬን መጥታ የኮተኮተችም ነበረች።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ባለውለታ መሆን ጣመኝ። መንገድ ላይ ቀድመው ጎንበስ ብለው ሰላም የሚሉኝ፣ ዕድር ላይ ወንበር የሚለቁልኝ፣ ቡና ሲፈላ ልጅ ልከው የሚያስጠሩኝ በረከቱ። ጡረታ የወጣች መምህርት የሚፈልጋት እየቀነሰ ይሄዳል፤ እኔን ግን ሰባትና ስምንት ቤት ይፈልገኝ ነበር። ይህንን በብር መለወጥ አልፈለግሁም። «ለጎረቤት ልጅ ገንዘብ? ነውር ነው!» ስል ደግነቴን ራሴው እየሰማሁት ነበር።

ከእናቶቹ ሁሉ ድሃዋ ሽንኩርት የምታርመዋ ነበረች። እሷ ልጇን ማምጣት ተወች። ልጁን ያየሁት አንድ ጠዋት አስፋልት ዳር፣ ከእኅቱ ጋር ነው። ስጠይቃት መጀመሪያ «አላስቸግር ብዬ ነው» አለች። ስገፋባት ግን እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። እኔ ምን ይዤ ልምጣ? ብር ቢሆን ስንት እንደሆነ አውቄ እቆርጥ ነበር። የርስዎ ውለታ ግን መቼ ከፍዬ እጨርሰዋለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ነፃ ያልኩት ነገር ከሁሉም ይልቅ ለእሷ ተወዶባት ኖሯል።

ስለዚህ ዋጋ ልቁረጥ አልኩ። ከምን ተነስቼ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኔን አይመለከተኝም፤ ተቀጣሪም ቀጣሪም አይደለሁም። ግን ጥሩ መለኪያ አገኘሁበት። ሕጉ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ የመደበኛውን ሰዓት ዋጋ በ1.75 ያባዛል። ሌሊት ሌሊት ነው ማለት ነው፣ ማንም ይሥራው። እኔም የቀን ሠራተኛን የአንድ ቀን ዋጋ ለ8 ሰዓት አካፈልኩት። ከ11 እስከ 12 ያለውን ሰዓት በ1.75 አባዛሁት፤ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለውን፣ ማለትም ልጆቹን ይዤ እስከምወጣበት፣ እንዳለ ደመርኩት። የሦስት ሰዓት ከሩብ ዋጋ ሆነ። በአንድ ንጋት አንዲት ሴት ዓይኗን ሳትነቅል የምትጠብቀው አራት ልጅ ነው ብዬ ለአራት ሳካፍለው፣ ለአንድ ልጅ የቀን ዋጋው አንድ አሥረኛ ገደማ ወጣ። ከ12 በኋላ ለሚመጣ ደግሞ የዚያ ግማሽ።

ሻይ የምታፈላዋ ስትሰማ «እትዬ፣ አሥራት የሚወጣው ለቤተ ክርስቲያን ነው» ብላ አሳቀችን። ሌላዋ ግን አልሳቀችም፤ ልጇን ወስዳ ቀረች፣ ሰላምታውም እስከ ዛሬ ቀዝቅዟል። የቀረባትን ሳስብ አዝናለሁ፤ የቀረብኝን ሳስብ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ጎንበስ ያለ ሰላምታ ነው።

ዋጋው በብር ሳይሆን በቀን ዋጋ መቆረጡ ጠቅሞናል። የቀን ሠራተኛ ዋጋ በአጨዳ ይወጣል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፤ የኔም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። በወር አላስከፍልም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ነገ ይከፈት አይከፈት በማይታወቅበት አገር የወር ክፍያ አስቀድሞ መቀበል ያልሰጡትን መሸጥ ነው። ቁርስ ልጁ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ ሻዩ ከእኔ ነው። ትኩሳት ያለው ልጅ አልቀበልም፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የፎገራ ሜዳ ላይ ወባ በሚበረታበት ወራት፣ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ እመልሳታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አከራካሪ ነው። ሄዳ ሥራ ሳታገኝ ተመልሳ ልጇን የምትወስድ እናት አትከፍልም። ሳታሳውቀኝ ልጇን ያስቀረች ግን ግማሹን ትከፍላለች፤ ቦታውን ይዛለችና። ነርሷ ተቆጣች፦ «የኔ ልጅ ድንገት ታሞ ሲቀር እከፍላለሁ፣ እሷ ሥራ ስታጣ ግን ነፃ?» «አንቺ ልጅሽ ቢታመምም ደመወዝሽ ይገባል» አልኳት። በቴሌብር መላኳን አላቋረጠችም፣ ግን አላመነችበትም። ልክ ልትሆንም ትችላለች፤ እኔም እኮ የተነሳሁት በ11 ነው።

ሽንኩርት ታርም የነበረችው ዘንድሮ የሩዝ መፈልፈያ ቤት የማበጠር ሥራ አግኝታለች። ሥራው የሚጀምረው ረፈድ ብሎ ስለሆነ ልጇን የምታመጣው 12 ሰዓት ግድም ነው። ድሮ ቀና ብላ የማታየኝ ሴት አሁን ደጄ ላይ ቆማ ትሟገተኛለች። ባለፈው «ገና 12 አልሞላም፣ ሙሉ ዋጋ ነው» ብላት «የርስዎ ሰዓት ይዘገያል እትዬ» ብላ ስልኳን አወጣች። 12 ከ2 ደቂቃ ይላል። ግማሹን ቆጥራ ሰጠችኝ፤ «ሰዓትዎን ያሠሩት» ብላኝም ሄደች።