የእናቴ ስለት በእኔ እግር

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ደብረ ሊባኖስ በእግሩ ለመድረስ ያሰበ ካለ አዲስ ጫማ አይግዛ። እኔ ገዝቼ፣ ጫንቾ ሳልደርስ ሁለቱም ተረከዞቼ ውኃ ቋጠሩ። ለስንቅ ዳቦ ቆሎና በሶ ይበቃል። ጋቢ ግን የግድ ነው፤ እዚያው ሽሮ ሜዳ ሞልቷል። ከ3000 ሜትር በላይ የሚዘልቀውን እንጦጦን ስትወጡ ትረግሙታላችሁ፤ የሱሉልታ ንፋስ ሲቀበላችሁ ደግሞ ትመርቁታላችሁ። ዳገቱ ላይ ጭራሮ ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች መንገድ ልቀቁ። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ሳለከልክ አይተው «አይዞህ ልጄ» ሲሉኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ።

መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ቀን ያዙለት።

ስለቱ የእናቴ ነው። ጉልበቷ እምቢ ቢላት እኔን ላከችኝ። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት የግራዚያኒ ወታደሮች የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ለበዓል የመጡትን ምእመናን በካሚዮን ጭነው ወስደው ነው የፈጁአቸው። «እነሱን በመኪና ወሰዷቸው፤ አንተ በእግርህ ሂድልኝ» አለችኝ።

ከሙከጡሪ እስከ ደብረ ጽጌ በአይሱዙ ሄድኩ። ሹፌሩ ሳንቲም እንኳ አልተቀበለኝም።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሁሉንም በእግርህ?» አለች። «ሁሉንም» አልኳት። ውኃ በጨው አሙቃ፣ ቁጭ ብላ፣ እግሬን አጠበችልኝ።