የታረመው ቀን ስለምን ይመለሳል?

በአንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ላይ የድኅረ ምረቃ ማመልከቻ የሚዘጋበት ዕለት 15 መባል ሲገባው 25 ተብሎ ወጣ። የክፍሉ ጸሐፊ ስሕተቱን ሰኞ ዕለት አረሙት። ረቡዕ 25 ተመልሶ ተገኘ፤ ዳግመኛ ታረመ፤ ዓርብም ተመለሰ። ጸሐፊዋ ቴክኒሻኑን፣ ቴክኒሻኑ ሰርቨሩን ጠረጠሩ፤ ቫይረስ ነው ያለም አልታጣ። በእነዚያ ቀናት ከክፍለ ሀገር ሆኖ ገጹን በስልኩ የተመለከተ አመልካች የትኛውን ቁጥር አንብቦ እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም፤ 25ን አምኖ ለዘገየ ሰው ግን የሚያልፈው አንድ የትምህርት ዘመን ነው።

ነገሩ ሲመረመር ሥራውን ያጓደለ ሰው አልተገኘም። ድረ ገጹን የሚያስተዳድሩት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሙሉ ቅጂውን በየኮምፒውተራቸው ይዘዋል፤ በዚያ ላይ ይሠሩና በኤፍቲፒ ወደ ሰርቨሩ ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የኤፍቲፒ ደንብ መሠረት፣ የተላከው ፋይል በሰርቨሩ ላይ በዚያው ስም የተቀመጠ ሌላ ፋይል ካገኘ ይተካዋል፤ የተተካው መቼና በማን እንደ ተሻሻለ አይጠየቅም። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅጂ የወሰዱት ረዳት መምህር በዚያው ገጽ ግርጌ የአንድ ኮርስ ስም አስተካክለው ሲልኩ የሚሄደው የኮርሱ ስም ብቻ ሳይሆን ገጹ በሙሉ ከነአሮጌው ቀን ነው። በመረጃ ቋት ጥናት ይህ «የጠፋ እድሳት» የሚባለው ችግር ነው። የጠፋበት ሰው መጥፋቱን የሚነግረው መልእክት አይደርሰውም፤ ላኪውም «ተሳክቷል» የሚል ምላሽ ያገኛል።

መፍትሔ ተብሎ በመጀመሪያ የሚታሰበው አዲሱን ፋይል መርጦ የሚልክ ማመሳሰያ ሶፍትዌር ነው። ችግሩ «አዲስ» የሚለው ቃል ላይ ነው። መሣሪያው የሚያየው የፋይሉን የማሻሻያ ሰዓት እንጂ የይዘቱን ዕድሜ አይደለም፤ አሮጌ ገጽ ተከፍቶ ያለ ለውጥ ቢቀመጥ እንኳ የዛሬን ሰዓት ይይዛል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል።

ከሁሉ የሚከፋው የሰዓት ክልል ነው። ብዙ ሰርቨሮች ዓለም አቀፉን ሰዓት ይከተላሉ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። የኤፍቲፒ የፋይሎች ዝርዝር ደግሞ ሰዓቱ የየት ሀገር እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ አይገልጽም። ረዳቱ ገጹን በኮምፒውተራቸው ላይ በ9:00 አስቀመጡ እንበል፤ ጸሐፊዋ በ10:00 እርማታቸውን ላኩ። ሰርቨሩ የጸሐፊዋን ፋይል 7:00 ብሎ ይመዘግበዋል። የረዳቱ ሶፍትዌር 7:00ን እንደ አዲስ አበባ ሰዓት ከቆጠረው የራሱ የ9:00 ፋይል ይበልጥ አዲስ ሆኖ ይታየዋልና እርማቱን ያጠፋዋል። ክርክሩ በቃል ሲሆን ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጨመራል፤ ጸሐፊዋ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት ልኬያለሁ» ይላሉ፣ ኮምፒውተራቸው 10 ይላል፣ ሰርቨሩ 7 ይላል፣ መዝገቡን የሚያነብ ሰውም ከምሳ በኋላ የተላከ ይመስለዋል። ሁሉም ያንኑ ቅጽበት ነው የሚናገሩት።

የፋይል መጠንን ብቻ የሚያነጻጽር መሣሪያም ከዚህ አይሻልም። 25 ወደ 15 ሲለወጥ የፊደሉ ብዛት ያው ነውና ገጹ እንዳልተነካ ይቆጥረዋል። አንድሩ ትሪጅል እና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ያደረጉት አርሲንክ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ሲሠራ መጠንንም ሰዓትንም ያያል፤ ሲታዘዝም ይዘትን ያነጻጽራል። ሆኖም አርሲንክ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የሚገለብጥ መሣሪያ ነው፤ በሁለት ሠራተኞች መካከል ለመዳኘት አልተሠራም።

የስም ጉዳይም አለ። ዊንዶውስ በተለምዶ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፈን ስም አንድ አድርጎ ሲያይ ሊኑክስ ሁለት ፋይል ያደርገዋል፤ እርማቱ በአንዱ ይገባል፣ አንባቢ ሌላውን ያያል። በአማርኛ ስም ሲሰጥ ደግሞ «ሥርዓት» እና «ስርአት» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ በዩኒኮድ ግን የተለያዩ ቁጥሮች ስለሆኑ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሁለት ፋይሎች ናቸው።

ምርመራው ከቀላሉ መጀመር ይኖርበታል፤ ብሮውዘሩ ያስቀረውን አሮጌ ገጽ እያሳየ እንዳይሆን በሌላ መሣሪያ መመልከት ነው። ቀጥሎ የሰርቨሩንና የሦስቱን ሰዎች ቅጂዎች በየራሳቸው ፎልደር ሰብስቦ ሰዓታቸውን ትቶ ይዘታቸውን ማነጻጸር ይበጃል። የብራና ጽሑፎችን የሚያጠኑ ምሁራን ዘዴ እዚህ ይሠራል፤ ሁለት ቅጂዎች ያንኑ ስሕተት የሚጋሩ ከሆነ አንዱ ከሌላው፣ አለዚያም ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የመምጣታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው። በመጨረሻ የሰርቨሩ መዝገብ ይታያል። በዚህ ትምህርት ክፍል መዝገቡ ብዙም አልጠቀመም፤ ሦስቱ ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል ይገቡ ስለነበር የተጻፈው የአንድ ተጠቃሚ ስም ብቻ ነበር።

ፋይል መቆለፍ የቆየ መፍትሔ ነው። ዋልተር ቲሺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት አርሲኤስ በዚህ ይሠራ ነበር፤ ድሪምዊቨርም ከገጹ አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ፋይል እያኖረ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ የድሪምዊቨርን ቁልፍ ሌላ ሶፍትዌር አያከብረውም፤ ቆልፎ ለመስክ ሥራ የወጣ ሰውም ሌሎቹን ያስቀምጣል።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት ጊት ለዚህ ጉዳይ የሚሻልበት ምክንያት እምቢ ማለቱ ነው። ረዳቱ ለመላክ ሲሞክሩ በዋናው ማኅደር እርሳቸው ያላዩት ለውጥ ካለ ጊት አይቀበልም፤ በቅድሚያ ያንን ወስደው ከራሳቸው ጋር እንዲያዋሕዱ ያስገድዳል። የኮርሱ ስምና ቀኑ በገጹ ላይ ከተራራቁ ውሕደቱ በራሱ ይፈጸማል፤ አንድ መስመር ሁለቱም ከነኩት ግን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አቅርቦ ምርጫውን ለሰው ይተዋል። ይህ የሚሠራው ሦስቱም በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መላክ ሲያቆሙና ሰርቨሩ ከማኅደሩ ብቻ ሲወስድ ነው። አንድ ሰው እንኳ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ በኤፍቲፒ ከላከ ለውጡ ማኅደሩ ውስጥ ስለማይኖር በሚቀጥለው እድሳት ሊጠፋ ይችላል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ጊት ለውጦችን በየኮምፒውተሩ መዝግቦ መስመሩ ሲመለስ መላክ ያስችላል። በዚያው ልክ ግን ሳይገናኝ የሠራ ሰው የቆየበት ቀን በበዛ ቁጥር የሚጠብቀው ግጭት ይበዛል፤ ስለዚህ መስመር በተገኘ ጊዜ ሁሉ፣ የሚላክ ነገር ባይኖርም እንኳ፣ የሌሎቹን ለውጥ መውሰድ ያስፈልጋል።