ሳይጠሩት አቤት የሚል በረኛ

ድርና ማግ ካልተገናኙ ጋቢ እንደማይሆኑ ሁሉ፣ ብዙ ሰዎች በየኮምፒውተራቸው የጻፉት ፕሮግራምም በአንድ ቦታ ካልተዋሐደ ለማንም አይጠቅምም። ለዚህ ጉዳይ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ጊት ይባላል። ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ ተግባሩም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ መመዝገብና የሁሉንም ድካም አንድ ላይ ማገናኘት ነው።

ዘንድሮ የኮምፒውተር ክበባችን አራት አባላት የቤተ መጻሕፍታችንን መጻሕፍት የሚመዘግብ ፕሮግራም ለመሥራት ተነሣን። ሥራችንን ለሦስት ወር ያህል በፍላሽ ስንለዋወጥ ከቆየን በኋላ፣ አንዱ ጓደኛችን በኮምፒውተር ክፍሉ ሰርቨር ላይ ጊትን አዘጋጀልን። ከየላፕቶፓችንም ኤስ.ኤስ.ኤች. በሚባለው የተመሰጠረ መንገድ እንልክ ጀመር።

ይሁን እንጂ ሥራውን ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን ችግር ገጠመን። አራታችንም አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሰጥተን ሳለ፣ የእኔና ሰርቨሩን ያዘጋጀው ጓደኛችን ሥራ በደኅና አለፈ። ከቀሩት ሁለቱ ግን ለአንደኛው «የመስመሩ ርዝመት ትክክል አይደለም»፣ ለሌላው ደግሞ «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሁለቱም በእጃቸው ወደ ሰርቨሩ ሲገቡ ነገሩ ሁሉ የሚሠራ መሆኑ ነው። ወዲያው ሐሜት ተጀመረ። «የራሱን መንገድ ከፍቶ የእኛን ዘጋብን» ተባለና ሰርቨሩን ያዘጋጀው ልጅ ከክበቡ እወጣለሁ እስከ ማለት ደረሰ። የሦስት ወር ድካማችንም ወዳጅነታችንም አብረው ሊጠፉ ሆነ።

የክበቡ ኃላፊ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «ሰውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ማሽኑን ጠይቁት» አሉን። ቀጥለውም «ትሩ» የተባለውን ትእዛዝ በኤስ.ኤስ.ኤች. እንድንልክ አዘዙን። ይህ ትእዛዝ ምንም ሥራ የማይሠራ ስለ ሆነ፣ የሚመለስ ቃል ሊኖረው አይገባም። በእኔ ስም ሲላክ ዝምታ ሆነ፤ የርዝመት ስሕተት በገጠመው ጓደኛችን ስም ሲላክ ግን በላቲን ፊደል «ዌልካም» የሚል ሰላምታ ይዞ ተመለሰ። ምስጢሩም ያን ጊዜ ተገለጠ።

ይህን ለመረዳት ሼል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሼል ማለት በሰርቨሩ ደጅ ቆሞ ትእዛዝ የሚቀበል በረኛ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የራሱ በረኛ ይመደብለታል። በረኞቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ባሽን ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ዚ ሼልን ፖል ፋልስታድ በ1990 አውጥተዋቸዋል፤ ሥራ ሲጀምሩ የሚያነቡት የመመሪያ ፋይልም የተለያየ ነው።

ጊት ንግግሩን ሲጀምር፣ ነጋዴ በጆንያው ላይ ክብደቱን እንደሚጽፍ፣ በእያንዳንዱ መስመር ፊት ርዝመቱን በአራት ምልክቶች ያስቀምጣል። የአንደኛው ጓደኛችን በረኛ ባሽ ነበረና፣ ልጁ ለጌጥ ብሎ በመመሪያ ፋይሉ ራስጌ ሰላምታ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ጊት ቁጥር ሲጠብቅ የሰላምታውን የመጀመሪያ አራት ፊደላት አገኘ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ማለት ይህ ነው።

የሌላው ጓደኛችን በረኛ ዚ ሼል ነበር። ጊትን በተለየ ማኅደር ስለ ጫንነው፣ ያለበት ቦታ ለበረኛው መነገር ነበረበት። ልጁም ይህን «ዚ.ኤስ.ኤች.አር.ሲ.» በሚባለው ፋይል ውስጥ ጽፎታል። ዚ ሼል ግን ይህን ፋይል የሚያነበው ሰው ራሱ ገብቶ ሲያነጋግረው ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ከሩቅ ሲላክለት «ዚ.ኤስ.ኤች.ኢንቭ» የተባለውን እንጂ ያንን አይመለከትም። በእጅ ሲገቡ የሚሠራው ከሩቅ እንቢ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም። ሰላምታው ሰው ሲገባ ብቻ እንዲታይ ተደረገ፤ የጊት አድራሻም ወደ ሁለተኛው ፋይል ተዛወረ። እያንዳንዱን ስናርም ብቻውን እየፈተንን ነበርና፣ የትኛው መድኃኒት የትኛውን በሽታ እንደ ፈወሰ በግልጽ አየን። የተጣሉትም ይቅር ተባባሉ፤ ፕሮግራሙም በቀኑ ለቤተ መጻሕፍቱ ተሰጠ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ! በሚመጣው ዓመት ክበቡን የምትረከቡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ሰላምታ ለሰው መልካም ነው፤ ቁጥር ለሚጠብቅ ማሽን ግን እንቅፋት ይሆናል። ይልቁንም አንድ ሥራ ለአንዱ ተሳክቶ ለሌላው እንቢ ሲል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ፈልጉ እንጂ ወንድማችሁን ለመክሰስ አትቸኩሉ። የተበላሸ ፋይል በሩብ ሰዓት ይታረማል፤ የተሰበረ ወዳጅነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።