ከሙሉው ጋን ይልቅ ገሉ

ቆቦ ተወልዶ ያደገ ሰው የሚያውቀው አንድ ቅናት አለ፤ እኔም ብዙ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ። ከደሴ የሚመጣው እንግዳ ወልዲያ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ላሊበላ ይወጣል። ወደ ሰሜን የቀጠለውም ቆቦ ላይ ቡናውን ጠጥቶ፣ አላማጣን አልፎ፣ ዳገቱን ወደ ኮረም ይያያዘዋል፤ ልቡ አክሱም ነው። እኛ ጋ ምን ብሎ ይቁም? ከዞብል ተራራ ወዲህ የተዘረጋው ሜዳችን ማሽላና ጤፍ፣ ግመልና የጎርፍ አሸዋ ነው። የታሪክ መምህር ሆኜ ስለ አክሱም ሳስተምር እንኳ የሌላ ሰው ርስት የማስጎበኝ ይመስለኝ ነበር። ተማሪዎቼም ያንን ከድምፄ ሳይሰሙት አልቀሩም ብዬ እሰጋለሁ።

ታሪክ ማለት የቆመ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሐውልት፣ ግንብ፣ ዘውድ። ይህን ሐሳቤን የናደው ከሩቅ አገር የመጣ የአንድ ሸክላ ራስ ወሬ ነው።

ሲሲሊ ደሴት ላይ ሞርጋንቲና የምትባል ጥንታዊ የግሪኮች ከተማ ነበረች። ፍርስራሿ ዛሬ አይዶኔ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘራፊዎች የዴሜጥርንና የልጇን የፐርሴፎኔን መቅደስ በድብቅ ቆፍረው ያገኙትን ሸጡ። ከዚያ የወጣው የሐዴስ፣ ማለትም ግሪኮች የሙታን ዓለም ጌታ የሚሉት አምላክ፣ የሸክላ ራስ ባሕር ተሻግሮ ሎስ አንጀለስ ደረሰ፤ ጌቲ ሙዚየም በ1985 ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ጢሙ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ እያንዳንዱ የጢም ጥቅል ለብቻው በእጅ ተጠቅልሎ የተለጠፈ። ከየት እንደ ወጣ የሚናገር ወረቀት አልነበረውም። ዘራፊዎቹ ግን ያልፈለጉትን ነገር ትተው ሄደው ነበር፤ የጣት ያህል የሆኑ፣ የተጠቀለሉ ጥቂት የሸክላ ስብርባሪዎች። አርኪዮሎጂስቶች ከዚያው አፈር ለቅመው፣ መዝግበው አስቀመጧቸው። ዓመታት አልፈው ሁለት ጣሊያናውያን ተመራማሪ ሴቶች ጥቅልሎቹን ከሐዴስ ራስ ጋር ሲያስተያዩ ገጠሙ። ሙዚየሙ በ2013 የሸክላውን ራስ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ በ2016 አይዶኔ ገባ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ውቡ ራስ ያን ሁሉ ዘመን በመስታወት ውስጥ ቆሞ ስለ አገሩ አንዲት ቃል አልመሰከረም። የመሰከረው ከአፈሩ ያልራቀው ገል ነው።

እኛ አገር ገል ማለት ተራ ነገር ነው። ከጎረቤት ፍም የሚጫርበት፣ ዕጣን የሚታጠንበት፣ ለዶሮ ውኃ የሚቀመጥበት። ስለዚህ አንድ ጎረቤታችን የማሽላ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ወገብ ከሚደርስ ጥልቀት ገል ሲወጣለት ማንም አልደነቀውም። እሱ የፈለገው ወርቅ ነበር፤ በቆላው ተቀብሮ የተረሳ የወርቅ ማሰሮ አለ የሚባለውን ወሬ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ግን የሞርጋንቲናን ታሪክ ካነበብኩ ብዙም አልቆየሁም ነበርና ቁራጮቹን የት ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደ ወጡ ጽፌ፣ ሸክላ ሠርተው ወደሚተዳደሩ አንዲት አዛውንት እናት ዘንድ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ሸክላ ሠሪን እናውቃታለን፤ በገበያ ቀን ጀበናዋንና ምጣዷን በጭድ ጠቅጥቃ በአህያ ታመጣለች። እንጀራችንን በእጇ ሥራ ላይ እንጋግራለን፤ ጠላችንን በእጇ ሥራ እንጠምቃለን፤ ጋብቻ ሲመጣ ግን ዘር እንቆጥራለን፤ «ቡዳ» ብለን ልጆቻችንን እናሸሻለን። እኔ ባደግኩበት ቤት ከእሷ ጋር ማዕድ የሚቆርስ አልነበረም። ይህ ነውር ዛሬም አልጠፋም። መማሬ ከዚህ እንዳላጠራኝ ያወቅሁት እኚህ እናት የሰጡኝን ቡና ለመቀበል እጄ ለቅጽበት ሲያመነታ ነው። እሳቸውም አይተውታል።

«አንቱ የሠሩት ይመስላል?» ብዬ ቁራጩን ሰጠኋቸው።

ውጭውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ ገልብጠው ውስጡን አዩት። «ውጭውን በደንጊያ እናሸዋለን፣ ሁሉም ይለሰልሳል። ውስጡን እይ ልጄ፣ ጣቷ አለ።» እውነትም የጣት ፈለግ ነበር፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ ወደ ላይ የተሳበ። የተሰበረበትን ጠርዝ ደግሞ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ጭቃው በጥቅል እየተደራረበ መሠራቱን፣ ስንጥቁም ጥቅልሎቹ የተጋጠሙበትን መስመር ተከትሎ መሄዱን አሳዩኝ። መሃሉ ላይ ጥቁር ንብር ነበረበት፤ «ኩበቱ አንሷታል፣ እሳቱ ውስጥ ሳይደርስ ወጥቷል» አሉ። ከታች ጥላሸት ስለሌለው ድስት አይደለም፤ በአፉ ስፋት ጋን ነው። ዩኒቨርሲቲ ስማር ስለ ሸክላ ያነበብኩት ሁሉ ከዚህ ቡና ያነሰ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አክሱም የጻፉትን ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። የአክሱም ሸክላ በእጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ግሪኮችና ሮማውያን የሚጠቀሙበትን መሽከርከሪያ አላወቀም፤ የእኛዋም ሸክላ ሠሪ እንዲሁ። በአክሱም መቃብሮች ውስጥ አንገታቸው በሴት ራስ ቅርጽ የተሠራ፣ ጸጉራቸው የተዋበ የሸክላ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች በውስጡ የተቀረጹበት ጎድጓዳ ሳህንም አለ፤ ይህን ለቆቦ አራሽ ማስረዳት አያስፈልግም። በየሐ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ በተባለው ቦታ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ትናንሽ የሸክላ በሬዎች ወጥተዋል።

የውጭውም ሸክላ አብሮ አለ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ የቀይ ባሕርን ንግድ ሲዘረዝር ወደ አዱሊስ ወደብ ከሎዶቅያና ከጣሊያን ጥቂት የወይን ጠጅ እንደሚገባ መዝግቧል፤ የአገሩን ገዢ ዞስካሌስንም ግሪክኛ አዋቂ ይለዋል። ወይኑ ተጠጥቶ አልቋል፤ ማሰሮው ግን ተሰብሮም አልጠፋም። ከዚያ ዘግይተው በመጡት ዘመናት ከአቃባ፣ በጥንት ስሟ ከአይላ፣ የተላኩ እንስራዎች ገል ዛሬም ከአክሱም አፈር ይወጣል። ለዚህ የዕቃ ዓይነት ሊቃውንት የሰጡት ስም ራሱ የሁለቱን ከተሞች ስም ያጣመረ ነው፤ አይላ–አክሱም። ገሉ ሁለቱም ዳር ባይገኝ ኖሮ ይህን መንገድ ማን ያውቀው ነበር?

ወደ እኛ ስንቀርብ ደግሞ ከእኛው የራያ ሜዳ በላይ፣ ኮረምን አልፎ፣ በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ምፍሳስ ባሕሪ አለ። ተመራማሪዎች የቆፈሩት ይህ ቦታ የአክሱም ዘመን ማብቂያ አካባቢ ሰው የኖረበትና ቤተ ክርስቲያን የነበረበት መሆኑን በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፍ አስረድተዋል፤ የአክሱም ዳር ድንበር ብለውታል። ከእኛ ሜዳ ቀና ሲሉ የሚታየው ተራራ ጀርባ ነው! ስለ ቆላው ግን ከዚህ ተነስቼ ምንም አልልም፤ ያን የሚናገረው የራሱ አፈር ነው። ቅናቴ ግን በዚህ ለቀቀኝ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የሐውልት እጦት ሳይሆን የእኛ ገል ሳይነበብ መጥፋቱ ነው።

የጎረቤቴ ገል የመቶ ዓመት ይሁን የሺህ ዓመት በዓይን አይለይም። የሚለየው ከየትኛው ንብር፣ ከምን ጋር እንደ ወጣ ሲታወቅ ነው። ወርቅ ፈላጊ ያንን ንብር ካተራመሰው በኋላ ግን ምሁርም ላቦራቶሪም ሊያስተካክለው አይችልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር አብሬ የምነግራቸው አለ፦ ቦታው ላይ ተዉት፣ ጥልቀቱን በክንድ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ አትጠቡት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የጎሊናና የሆርማት ወንዞች በየክረምቱ ዳርቻቸውን ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚያዩት እረኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ተማሪዎቼ ናቸው።

የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ቦይ ይፈልጋል፤ የውኃ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ድርቅን ያየ ሰው ኤክስካቫተሩ ይቁም ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም። የምጠይቀው አፈሩ በገልባጭ መኪና ከመጫኑ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ለጥቂት ሰዓት ቆሞ እንዲያየው ነው። ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ካልተቻለ ያቺን በአህያ ጀበና የምታመጣውን እናት እንጥራት። ውስጡን ገልብጣ ታያለች፤ ጋኑን ከድስቱ ትለያለች፤ ከራሷ እጅ ሥራ የማይመስለውንም ለይታ ታስቀምጣለች። የቀን አበሏም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ፈርማ የምትቀበለው ይሁን።