ፀሐይ የሚሞቅበት ግድግዳ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። የወገራዋ ከተማ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች ነፋሱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎችና እናቶች ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ተደግፈው ይሞቃሉ። ግድግዳው የሱቅ ጀርባ ወይም የግቢ አጥር ነው፤ ማንም ለዚህ ብሎ አልሠራውም። ሆኖም ነፋሱን ይከልላል፣ የጠዋቱን ሙቀት ይይዛል፣ ጎረቤትንም ያገናኛል።

ውድ አንባቢያን፣ የውጭውን ስፍራ ለሰው ኑሮ እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያዎቹ የመልክዓ ምድር ንድፍ ይሉታል። ብዙዎቻችን ግን ሙያው አበባ መትከልና ሣር ማጨድ ብቻ ይመስለናል። ከዚያ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፦ ሰው የት ይቀመጣል? የክረምቱ ጎርፍ በየት ይሄዳል? ልጆች ሲሮጡ ወዴት ይወጣሉ? ነፋሱስ ከየት ይመጣል?

መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብላ የምትገኘው ጎንደር ከተማ የምትፈልገው ጥላ ነው። ለዚህም ነው በነገሥታቱ ግቢ አጠገብ ያለው የጃን ተከል ዋርካ ሰውን ሲሰበስብ የኖረው። በፋሲል መዋኛም ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን በግንቡ ድንጋይ ላይ እንደ ጣት ዘርግተው ይታያሉ። ገንዳው ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ በሌላው ጊዜ ደረቅ ነው። እንዲያም ሆኖ ውኃ የሌለው ገንዳ ዳር መቀመጥ ደስ ያሰኛል። ዛፉ፣ ግንቡና ጸጥታው ለሰው ይበቃሉ።

አምባ ጊዮርጊስ ግን ዋርካም ዋንዛም አያበቅልም፤ ብርዱ አይፈቅድላቸውም። የባሕር ዳርን ዘንባባ እዚያ ወስዶ መትከልም ገንዘብ ማባከን ነው። ለዚያ ከፍታ የተፈጠሩት ኮሶና ጽድ ናቸው። በየቦታው የምናየው ባሕር ዛፍ ነፋስ ይሰብራል፣ ማገዶና የቤት እንጨትም ይሆናል፤ ነገር ግን ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማይበቅል ለመቀመጫ አይመረጥም።

ሌላው ጉዳይ መንገዱ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 አገሪቱን በያዘበት ዘመን ከጎንደር በወገራ አድርጎ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አስመራ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ሠራ። እንዲህ ባለ አውራ ጎዳና ዳርና ዳር በሚያድጉ ከተሞች መንገዱ ራሱ አደባባይ ይሆናል። ሽማግሌው የሚያወጋው፣ ልጁም ኳስ የሚያባርረው ከባድ መኪና በሚያልፍበት ዳር ነው። ይህን ሳይ እናትነቴ ያስደነግጠኛል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ በግጭት ውስጥ አልፏል። የተጨነቀ ሕዝብ ደጅ ወጥቶ የሚተነፍስበት ቦታ ቢፈልግ ቅንጦት ነው ልንለው አንችልም።

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም በመጠኑ የወሰዱት ያነሰ ነው። (የአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሌዎች ግን፣ ፀሐይ እስካለው ድረስ ግድግዳውንም አይነቅፉት!)

እኛ ወንጌላውያን በዚህ ረገድ ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የምንማረው አለ። በደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያኖቻቸው ዙሪያ የቀሩትን ደኖች ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላም በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አግዘዋል። እኛ መሬት ስናገኝ አስቀድመን የምናስበው አዳራሹን፣ ቀጥሎም የመኪና ማቆሚያውን ነው። የተረፈው ግቢ ሲሚንቶ ይለብሳል። ከጉባኤ በኋላ ወጣቶቹ ቆመው ያወጋሉ፤ አረጋውያን እናቶቻችን ግን መቀመጫ ስለሌለ ቶሎ ይሄዳሉ። ይስሐቅ በምሽት ለማሰላሰል የወጣበት ሜዳ ነበረው፤ የርብቃንም ግመሎች ያየው እዚያው ሳለ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን ባልና ሚስት አመሻሽ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሊነጋገሩ ሲፈልጉ ካፌ ገብተው ለመቀመጫው መክፈል አለባቸው።

እንደ አምባ ጊዮርጊስ ላለ ደጋ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። ከአውራ ጎዳናው ገባ ያለ ቦታ ይመረጥ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያደረገ፣ ወገብ የሚያህል የድንጋይ ካብ ይሠራና ሥሩ መደብ ይደልደል። ጎርፉ ልጆች በሚጫወቱበት እንዳያልፍ ከላይ በኩል ቦይ ይቆፈር። ከካቡ ኋላ ጽድ በረድፍ ይተከል፣ ጥቂት ራቅ ብሎም ኮሶ። ችግኞቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ፍየል እንዳይደርስባቸው በእሾህ ይታጠሩ።